ዳገቱ ላይ የደከመችው መኪና

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ከእንጅባራ 3፡10 ተነሳን። ዳንግላ፣ እህቴ ጥሩዬ በር ላይ 4፡12 ደረስን። ስልሳ ሁለት ደቂቃ። መደበኛው ሃምሳ ነው። በቀይ አሰመርኩበት።

ዋኘው ዞር ሳይል፣ «ደግሞ አሰመርሽ?» አለ። የእርሳሱን ድምፅ ያውቀዋል።

«አሰመርኩ። ባለፈው ሃምሳ ስምንት፣ ከዚያ በፊት ሃምሳ አምስት። ምን ሆነሃል?»

«ጉም ነበር።»

«ጉሙ እስከ አዲስ ቅዳም ነው። ከዚያ ወዲህስ?»

አርባ ዓመት ሾፌር የነበረ ባል እንዲህ ሲንቀረፈፍ ማየት ያሳፍራል፣ አልኩት። ባልለው ይሻል ነበር? እውነት ነው እንጂ።

እንደ ሁልጊዜው ክላክሱን ሁለቴ ነካ አደረገ። ጥሩዬ አንገቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ ከጣላት ወዲህ ከአንገቷ በቀር በፈቃዷ የምታዘው ብዙ የላትም። ቃልም አንድ ብቻ ቀርቷታል... «እሺ»። ጥፍሯን ቆረጥኩ። መዝሙረ ዳዊት አነበብኩላት። እሺ አለች።

ስንመለስ ዋኘው፣ «ስንት ሰዓት ሆነ?» አለኝ። የመኪናዋ ሰዓት እኮ ፊት ለፊቱ ነው። ስንፍና። ነገርኩት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ቀዩ እርሳሴ የለም። ቆርቆሮው ውስጥ ሰባት ቁራጭ ነበር። ስድስት ቀረ። ቤተልን ጠየቅኳት።

«እማዬ፣ በዚህ ዘመን የእርሳስ ቁራጭ የሚሰርቅ ሌባ ካለ እኔም ላየው እፈልጋለሁ።»

ልጄ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ናት፣ ግን ቀልዷ የአሥራ አራት ዓመት ነው። ዋኘውን ጠየቅኩት። መኪናዋን እያጠበ ነበር። «እኔ ምን አውቄ» አለ።

የቤቴ ዕቃ ጠፍቶ አያውቅም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

መኪናዋ ታመመች።

ስንሄድም ትንሽ ከበዳት። ስንመለስ ግን አዲስ ቅዳምን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ጭራሽ ጉልበት አጣች። ቢረግጣት ቢረግጣት ድምፅ ብቻ። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ። ከሰል እስከ ሰማይ የጫነ አይሱዙ ቀደመን። ረዳቱ ከላይ ሆኖ፣ «እማማ፣ ልጎትታችሁ?» ብሎ ሳቀብን።

«ምን ሆነች?» አልኩት።

«አረጀች... እንደኛ።»

«እኔ አላረጀሁም።»

ሳቀ። ለመመለስ ሰማንያ አንድ ደቂቃ ፈጀ። አላሰመርኩም። የእሱ ጥፋት አይደለም። ቀይ እርሳስም የለኝ።

የገረመኝ ነገር... እየነዳ ይዘምር ነበር። መኪና ተበላሽቶበት የሚዘምር ሾፌር አይቼ አላውቅም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ዋኘው፣ «ተያት፣ ቀስ እያልን እንሄድባታለን» ብሎ ነበር። እምቢ አልኩ። በሽታ ሳይታወቅ አይተውም።

መናኸሪያው አጠገብ ያለ ጋራዥ ወሰድናት። ልጁ ትንሽ ኮምፒውተር ሰካባት። ቁጥር አወጣ። ፒ 0299። ጻፍኩት።

«ቱርቦው ሞቷል» አለ።

«ኮምፒውተሩ 'ሞቷል' ይላል?»

«አይ... 'የቱርቦ ግፊት አነሰ' ነው የሚለው።»

«ታዲያ የገደልከው አንተ ነህ።»

ተቆጣ። የቱርቦውን ዋጋ ነገረን። ቤተል ማታ ሰምታ፣ «በዚህ ዋጋማ እንዳለች ትሸጥ» አለች። ትሸጥ! የእኔ ግራ ጉልበት ከወደቅኩ ወዲህ አይታጠፍም። ሚኒባስ ውስጥ ሞክሬያለሁ። ሁለት ሰው ተነስቶልኝም አልገባሁም። ይህች መኪና ሄደች ማለት ጥሩዬን ማየት ቀረ ማለት ነው። ቤተል ይህን እያወቀች ነው እንዲህ የምትለው? ታውቃለች። አባቷ ያሳስባታል። ምን እንዳሳሰባት ግን አልነገረችኝም።

አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ ጽፋ አንድ ዓመት ሙሉ ያላጠፋችው ነገር ነበር። ያያችሁትን ጻፉ፣ የመሰላችሁን አይደለም። ኮምፒውተሩ ያየው ግፊት ማነሱን ነው። ለምን አነሰ? ያን ያየ ሰው የለም።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ቤተ ክርስቲያን። የዕለቱን ክፍል የማንበብ ተራ የዋኘው ነበር። ጉሮሮዬን ብሎ ለእኔ አሳለፈው። ከዚያ ዝማሬው ላይ ከሁሉም በላይ የተሰማው የእሱ ድምፅ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

አልሄድንም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ መንገድ ሲዘጋና ስንታመም ካልሆነ ቀርተን አናውቅም። ቤተል ቁልፉን ይዛ ወደ ሥራ ሄደች። «ዳገት ላይ ብትቆምባችሁስ?»

ስልክ ደወልኩ። የጥሩዬ ምራት ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገችላት።

«ጥሩዬ፣ መኪናዋ ታማለች። ሳምንት እመጣለሁ።»

«እሺ።»

ከዚያ ምራቷ ቀበል አድርጋ፣ «እትዬ፣ ከአራት ሰዓት ጀምሮ ወደ መስኮቱ ዞረው ነው ያሉት። ልመልሳቸው ብል አንገታቸውን ያጠነክራሉ።»

...

ከሰዓት በኋላ ቱርቦ ምን እንደሆነ አጠናሁ። ቤተል ከሥራ ስትመለስ ስልኳ ላይ አሳየችኝ። የሞተሩ ጭስ ሲወጣ አንዲት ትንሽ ማራገቢያ ያዞራል። እሷ በበኩሏ አየር አፍና ወደ ሞተሩ ትሰድዳለች። አየር ከበዛ ናፍጣው በደንብ ይነድዳል፣ ጉልበት ይመጣል። እንደኛ አገር ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ስለዚህ ያለ እሷ ዳገት የለም። ማራገቢያዋን ደግሞ የምታዝ አንዲት ቀጭን የጎማ ቱቦ አለች። በቱቦዋ ውስጥ አየር ሲሳብ ትሠራለች። ካልተሳበ ትተኛለች።

ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው። ያ ልጅ ለምን አላስረዳኝም?

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ዳንግላ ይሄይስ አለ። አምስተኛ ክፍል ያስተማርኩት። ማካፈል ሲሠራ መሐል መሐሉን እየዘለለ መልስ የሚጽፍ ልጅ ነበር። ስንት ቀን ከክፍል አስቀርቼዋለሁ። አሁን ጋራዥ አለው። ደወልኩለት።

«ቲቸር! ድምፅዎን ስሰማ ጥፍሬን አየሁ እኮ። ቆሽሿል።»

«መካኒክ አይደለህ፣ ይቆሽሽ። ና የምልህን ስማ።»

ነገርኩት። «ቀስ ብላችሁ አምጧት ቲቸር፣ ወደዚህ ቁልቁለት ነው» አለ። ቤተልም ለጋራዥ ከሆነ ብላ ቁልፉን መለሰች። ዋኘው ደስ አላለውም። «ምን አደከመሽ» አለ ሦስት ጊዜ። ሦስቴም ቆጠርኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ይህን በጥንቃቄ መጻፍ አለብኝ።

ዋኘውን ጥሩዬ ዘንድ ተውኩት፤ ይሄይስ መጥቶ እኔንም መኪናዋንም ወሰደን። እኔ ጋራዡ ውስጥ ወንበር ተሰጠኝ። ይሄይስ ኮፈኑን ከፍቶ ልክ እንደ ልጅነቱ ሦስት ነገር በአንዴ ሊፈታ ተነሳ።

«አንድ በአንድ» አልኩት። «ሦስት ነገር ነክተህ ብትድን በየትኛው እንደዳነች በምን ታውቃለህ?»

«እሺ ቲቸር።»

ትልልቆቹን የአየር ቱቦዎች በሳሙና ውሃ አረጠበ፣ ሞተሩን አስነሳ። አረፋ የለም። የሚያፈስ የለም። ጻፍኩ። የቱቦዎቹን ማሰሪያ፣ ፋሸታዎቹን፣ አጠበቀ። የላላ የለም፣ ሁሉም ጥብቅ ነው። ጻፍኩ። የግፊት መለኪያዋን አወጣ፣ አጸዳ፣ በሌላ ሞከረ። ደህና ናት። ጻፍኩ። ማራገቢያዋን በጣቱ አዞራት። «ቲቸር፣ ቱርቦው እንደ አዲስ ነው። ማን ነው ሞቷል ያለው?»

«ቀጭኗ ቱቦስ?»

«ተሰክታለች፣ ይኸው።»

«መሰካቷን አየህ። አየር ማለፉን አይተሃል?»

ጭንቅላቱን አከከ። ነቀላት። አንዱን ጫፍ አፉ ውስጥ አድርጎ ሳበ። ጉንጩ ገባ። አንዲት ትንፋሽ አላለፈችም። በቀጭን ሽቦ ከወዲያኛው ጫፍ ገፋ ገፋ አደረገ... ጠብ አለች መዳፉ ላይ።

እንጨት። በቢላዋ ተጠርባ የቀጠነች፣ የጣት ጥፍር የምታህል። አንድ ጫፏ ላይ ትንሽ ቀለም ቀርቷል።

ቀይ።

ይሄይስ አላወቀም። ይገረም ነበር። «ይቺ በራሷ አልገባችም። ሰው ነው የደፈናት። ግን የሚገርምዎት ቲቸር፣ ሙያ ያለው ሰው ነው። ቱቦዋን ነቅሎ ብቻ ቢተዋት መኪናዋ ትደክም ነበር፣ ግን ፍሬኑም ይጠነክርባችሁ ነበር፣ የሁለቱም አየር ከአንድ ቦታ ነው የሚሳበው። ይሄ ሰው ፍሬኑ እንዳይነካ ብሎ ጠርቦ ደፍኗታል። መልሶም ሰክቷታል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የሚጠላችሁ ሰው አለ?»

«የሚጠላን ሰው ስለ ፍሬናችን አያስብም።»

አየኝ። እኔም አየሁት። ገባው መሰለኝ። የልጅነት ጠባዩን አሻሽሏል፣ መልሱን ዘሎ አልተናገረም። ቁራጯን በመሐረብ ጠቀለልኳት። ይሄይስ ቱቦዋን መልሶ ሰክቶ የዳሽቦርዱን ቢጫ መብራት አጠፋ። አስነስቶ አንድ ዙር አዞረን። ከሞተሩ ስስ ፉጨት መጣ። ያ ፉጨት ለካ ጠፍቶ ነበር፣ ሳላስተውል።

ስንመለስ ዋኘው ገና ከከተማ ሳንወጣ አወቀ። እግሩን ሲያሳርፍ መኪናዋ ተስፈነጠረች። እጁ መሪው ላይ ጠበቀ።

«ምን ነበር አለ?»

«ቱቦ ተደፍኖ።»

«በምን?»

«በቆሻሻ።»

ዋሸሁ። በሰባ አንድ ዓመቴ።

ከአዲስ ቅዳም ወዲህ፣ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ጥጃ እየነዳ በጥጉ ይሄድ ነበር። ቀን ነው፣ ፀሐይ ነው፣ ጉም የለም። ዋኘው ቀጥ ብሎ ወደ ሰውየው ሄደ። «ዋኘው!» አልኩ። ጠመዘዘ። በአገውኛ ለራሱ የሆነ ነገር አጉረመረመ።

«አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ» አለ።

አላየውም።  

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ጠዋት ሙሉ ደብተሬን ወደ ኋላ ገለጥኩ። መጀመሪያ በቀይ ያሰመርኩት አምና ሚያዝያ ነው። ሃምሳ ሦስት ደቂቃ። ከዚያ ወዲህ እየጨመረ። በመካከሉ ሌላም ሌላም ጽፌያለሁ። «ሻይ ከስኒው ውጭ ቀዳ። ዝርክርክነት።» «የቤተልን አለቃ መንገድ ላይ ሰላም አላለም። ኩራት።» «ሰዓት ጠየቀኝ። ስንፍና።»

ያየሁትን ጻፍኩ። ከጎኑ ደግሞ የመሰለኝን። አስተማሪያችን ብታየው ገጹን ትቀድደው ነበር።

ከምሳ በኋላ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። መሐረቡን ፈትቼ ቁራጯን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩ። አላያትም። በአውራ ጣቱ ዳሰሳት። 

«አገኘሻት።»

«ይሄይስ አገኛት።»

«ያ ዘላዩ ልጅ?»

«መዝለል ትቷል። ከመቼ ጀምሮ ነው የማታየው?»

«አያለሁ እኮ። ቅርጽ አያለሁ። መንገዱን በቃሌ ነው የማውቀው። ፊት ለፊቴ ግን... ጭስ የገባ ቤት ይመስላል።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ቁልፉን ትቀሚኛለሽ። ቁልፉ ከሄደ ሐሙስሽ ሄደ። ጥሩዬ መስኮት መስኮቱን ታያለች።»

«ታዲያ ይቺ?» እርሳሷን ማለቴ ነው።

ሳቀ መሰለኝ። ሳቅ ግን አልነበረም። «በዝግታ ካልነዳሁ አላይም። በዝግታ ስነዳ ታሰምሪያለሽ። ካሴ፣ ያ እርሳስ ሲሄድ... ኪርር ይላል። ሌሊት ሁሉ እሰማዋለሁ። መኪናዋ ብትደክም ግን ማንንም አትቆጪም አልኩ።»

 እኔ የምጽፈው ለራሴ ነበር። ማንም ያነበዋል ብዬ አስቤ አላውቅም። እሱ ደግሞ ሳያነበው በድምፁ ብቻ...

ተቆጣሁም። ይህንንም ልጻፈው። «ለእኔ ብለህ ነው፣ ገባኝ። ያ ጋቢ የለበሰው ሰውስ? እሱም የሚጠብቀው ቤት አለው። ጥጃዋ ብትሆን እንኳ።» አንገቱን ደፋ። «እሱን ሳስብ ነው ያደርኩት» አለ። ከዚያ ኪሱ ገብቶ ቁልፉን አውጥቶ ሰጠኝ። ሳልጠይቀው።

ሞራ ይሆናል አልኩት። ሞራ ከሆነ ይገፈፋል። አይሆንም አለ። ታላቅ ወንድሙ አዝመራው በጃንሆይ ጊዜ ሞራ ሊገፈፍለት ዓይኑን ተነክቶ ጨርሶ ታውሯል። በበትር ሲመራው የነበረው ዋኘው ነው፣ ልጅ ሆኖ። ይህን በአርባ አራት ዓመት ትዳር አንድ ቀን አልነገረኝም።

«አሁን ሌላ ጊዜ ነው» አልኩት።

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነ እኔ እመራሃለሁ።»

«አንቺ ከመራሽኝማ ሰዓት ትይዢብኛለሽ» አለ። አሁን በእውነት ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ገብቶ ነበር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

ለቤተል ነገርናት። «እማዬ፣ እኔ ከሰኔ ጀምሮ ጠርጥሬያለሁ። አንቺ ሁሉን የምታዪ ሰው ሆነሽ ካላየሽ ተሳስቻለሁ ብዬ ነው የተውኩት።»

ይህም ይጻፍ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ባሕር ዳር። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ እጇ አይንቀጠቀጥም። ሞራ ነው፣ ሁለቱም ላይ። ቀኙን ዛሬ ሠሩለት። ግራው ሌላ ጊዜ። ያመጣችን ቤተል ናት። አባቷ ከጎኗ ተቀምጦ መንገዱን ሙሉ፣ «ፍሪሲዮኑን አታቃጥዪው... አሁን ማርሽ ቀይሪ... ስሚያት እንጂ፣ እየነገረችሽ እኮ ነው» ሲላት ነበር። አላየም፣ ሁሉን ግን ሰምቷል። «አባዬ፣ አንተን ካላወረድኩህ አልነዳም» አለችው ዱርቤቴ ላይ። አላወረደችውም።

ሊያስገቡት ሲሉ እጄን ያዘ። ሃምሳ ሰው ፊት። ዝም ብዬ አስያዝኩት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ጨርቁን አነሱለት። ብርሃኑ አስነጠሰው። ከዚያ እኔን አየ። ረጅም ጊዜ።

«ይሄ ጸጉር መቼ ነው እንዲህ የነጣው?»

«ዓመት ሆነው።»

«አልነገርሽኝም።»

«አንተስ ምን ነገርከኝ?»

ነርሷ ሳቀች። ሌላ ዛሬ የምጽፈው የለም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

ቤተል በሥራ ቀን ስለማትችል የጥሩዬ ቀን ቅዳሜ ሆነ። አሥራ አንድ ዓመት ሐሙስ የነበረ ነገር። ገና አልለመድኩትም።

ግራ ዓይኑ እስኪሠራ መሪ መያዝ የለም ብላለች ሐኪሟ። ቤተል ነዳች። ዋኘው ከጎኗ፣ እኔ ከኋላ ጉልበቴን ዘርግቼ። ጉም ነበር። አዲስ ቅዳም ላይ ተገፈፈ። ዋኘው መንገዱን ሁሉ እንደ አዲስ አገር እያየ፣ «ይቺ ዛፍ ተቆርጣለች... ይሄ ቤት ቆርቆሮ ለብሷል... ያ ሰውዬ ጥጃ ይዟል» ይላል።

«ነጭ ጋቢ ነው የለበሰው?» አልኩት።

«ቡናማ ሹራብ። አዝራሩ አንድ ጎድሏል።»

ደብተሩን ይዤ ነበር። አልከፈትኩትም። የእጅ ሰዓቴንም ቤት ትቼዋለሁ። ሆን ብዬ።

ጥሩዬ በር ላይ ቤተል ልትቆም ስትል ከጎኗ እጁን ሰደደና ክላክሱን ሁለቴ ነካ አደረገ። ገብተን ስናያት አንገቷ ወደ መስኮቱ ዞሯል። ጎንበስ ብሎ ፊቷን አየ። «ጥሩዬ፣ ከስተሻል እኮ» አላት። «እሺ» አለችው። ዳዊቱን እሱ አነበበላት። ቀስ እያለ፣ በአንድ ዓይኑ፣ ጣቱን ከመስመሩ ሥር አድርጎ። አራት ቦታ ተሳሳተ። አላረምኩትም።

ስንመለስ ዳገቱ ላይ መኪናዋ አላቃሰተችም። ፉጨቷ ነበር። ሁላችንም ሰማናት።

ማታ ይህን ልጽፍ ስቀመጥ ከአልጋው ሆኖ፣ «ስንት ደቂቃ ፈጀብን?» አለኝ።

«አልያዝኩም።»

«ስንሄድ ሃምሳ ስምንት። ስንመጣ ስልሳ ሦስት» አለ።

የመኪናዋን ሰዓት ራሱ አንብቦ ነው።

58። 63። ይኸው ጻፍኩት። በሰማያዊ።